ዳለቻን መቀስቀስ

ኦቦ ባይሳ ከሰበታ ተነሥተው ቡራዩ እስኪደርሱ በየኬላው ከታክሲ እያወረዱ ፈትሸዋቸዋል። የሚፈተሽ ብዙ ነገር አልያዙም። ጋቢ፣ ዱላ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ባዶ የፎቶ ፍሬም። አየር ጤና ላይ አንዱ ወታደር ፍሬሙን ገልብጦ አየና፣ «አባት፣ ፎቶውስ የታለ?» አላቸው።

«ልቀበል እየሄድኩ ነው» አሉት።

ፎቶ ቤቱ ከአምቦ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በብረት በር ሠሪና በብሎኬት ማምረቻ መካከል ያለ አንድ ክፍል ነው። ልጃቸው ዲሪርሳና ጓደኛው ታመነ አብረው የከፈቱት። ዲሪርሳ በመስከረም መጨረሻ ወላጆቹን ሊጠይቅ ሰበታ ሄዶ፣ ሰልፍ በነበረበት ቀን በጥይት ተመትቶ ሞተ። አሁን ሥራውን የያዘው ታመነ ብቻውን ነው። ታመነ ከወላይታ ለቀን ሥራ የመጣ ልጅ ነው፤ ጎረቤት ብሎኬት ሲደረድር ዲሪርሳ አይቶት፣ «እጅህ አይንቀጠቀጥም፤ ና ካሜራ ያዝ» ብሎ ወሰደው።

መብራት ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል። ታመነ በሩ ላይ ቆሞ በቀን ብርሃን ሌንስ ሲወለውል ሽማግሌው ሲመጡ አየ። ጨርቁን ጥሎ ተቀበላቸው።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ባይሳ።»

«ነጋ። አካም ጅርታ፣ ታመነ?» ቀጥለው በኦሮምኛ አንድ ሁለት ነገር ተናገሩ። ታመነ አንገቱን ደፋ። «አሁንም ሰላምታው ላይ ነህ? ያ ልጅ ይህን ሁሉ ዘመን ምን አስተማረህ?»

«ስድብ ነው ያስተማረኝ። ለአንቱ አይነገርም።»

ኦቦ ባይሳ ሳቁ። ወዲያው አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ያዙት። ታመነ ቤቱ ውስጥ ያለችውን አንዲት በርጩማ አቀረበላቸው። ፌስታሉን ከፍተው ፍሬሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«የፊታችን እሁድ ዐርባው ነው» አሉ። «ሰው ይመጣል። በቀብሩ ቀን የሚያዝ ፎቶ ጠፋ። የእኅቴ ልጅ የስምንተኛ ክፍል መፈተኛ ካርዱን ይዛ አለቀሰች። ያ ሕፃን ነው። እኔ የሞተብኝ ሕፃን አይደለም። ጢም ነበረው። እዚህ ጋ ደግሞ ጠባሳ ነበረው፣ በሬ የወጋው።» ቅንድባቸውን ነኩ። «ፊቱን ስጠኝ። አንተ ፎቶ አንሺ ነህ፤ አታጣም።»

የዲሪርሳ ስልክና መታወቂያ ከአስከሬኑ ጋር አልተመለሱም። ፌስቡክ ላይ በፊቱ ፋንታ ያደረገው የኦዳ ዛፍ ነበር፤ እሱም ቢሆን ኢንተርኔት ከተዘጋ ወዲህ አይከፈትም። የታመነ ስልክ ደግሞ ባዶ ነው። በክረምቱ ሰልፍ ሰሞን ከተማው ሁሉ ስልኩን ያጸዳ ነበር። ታክሲው ወደ ኬላው ሲቃረብ ረዳቱ ልክ ሂሳብ እንደሚሰበስብ ሁሉ፣ «ስልክ አጽዱ! ኋላ ታስቆሙናላችሁ!» ይላል፤ ተሳፋሪው አቀርቅሮ ያጠፋል። መጀመሪያ ለተቃውሞ እጁን ከራሱ በላይ ያጣመረውን ሰው ፎቶ፣ ቀጥሎ አጠገቡ የቆመውን፣ በመጨረሻ ሁሉንም። ታመነ ዲሪርሳን ያጠፋው አሸዋ ሜዳ ላይ ነው። ያን ጊዜ ዲሪርሳ ከጎኑ ተቀምጦ የራሱን ስልክ ያጸዳ ነበር።

«ሁልጊዜ ከካሜራው ኋላ ነበር፣ ኦቦ ባይሳ» አለ ታመነ።

«አንድም? አንድም የለህም?»

ታመነ ወደ ጠረጴዛው ሥር አየ። «አንድ ቦታ አለ። ግን…» ጎንበስ ብሎ ከጫማ ካርቶን ውስጥ ግራጫ ቀለም ያለው ሃርድ ዲስክ አወጣ። ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጋር እንደተያያዘ ነው። «ይህ ዳለቻ ነው።»

ኦቦ ባይሳ ቀና አሉ። «ምን አልከኝ?»

«ዳለቻ። ስሙን ያወጣለት ዲሪርሳ ነው። ሌላም ነበረ፤ ቡሬ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዲስኩን ተቀበሉት። ዳለቻና ቡሬ የእርሻ በሬዎቻቸው ነበሩ። መሬታቸው ተለክቶ፣ ችካል ተተክሎ፣ የፋብሪካ አጥር ከከበበው በኋላ የሚያርሱት ስላጡ ሸጠዋቸዋል። ከተማዋን የሚያሰፋው የማስተር ፕላን ወሬ በሰው አፍ ሳይገባ ነው ይህ የሆነው። ዲሪርሳ በሬዎቹ ሲነዱ ቆሞ አይቶ ነበር፤ ስለ እነሱ ግን አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም።

«በሬዎቼን እዚህ አምጥቷቸዋል እንዴ?» አሉ፤ ዲስኩን በመዳፋቸው እየመዘኑ። «ቡሬስ?»

«ቡሬ ተቃጠለ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በኃይል መጣበት።»

ታመነ በአጭሩ ሊያስረዳቸው ሞከረ። የሠሯቸው ሰርጎች ሁሉ የሚቀመጡት በእነዚህ ሁለት ዲስኮች ላይ ነበር። ቡሬ ከተቃጠለ ወዲህ ዲሪርሳ፣ ዲስክ ሥራ ከሌለው ኤሌክትሪክ ላይ መዋል የለበትም አለ። በየጊዜው ገመድ እየነቀሉ መሰካት ደግሞ የመሰኪያውን አፍ ያላላል፤ ሰውም ይረሳል። ስለዚህ መርካቶ ሲዞር ውሎ፣ በትእዛዝ ብቻ ኤሌክትሪክ የሚሰጥና የሚከለክል መከፋፈያ አመጣ። ከሞከራቸው ውስጥ ብዙዎቹ ሲታዘዙ እሺ ይሉና ኤሌክትሪኩን አይቆርጡም ነበር፤ እውነት የታዘዘው አንዱ ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ፊደል እንጂ ሥዕል በሌለበት ጥቁር መስኮት ውስጥ፣ የራሱን ትእዛዝ ሠራ። «ከኢ ዳለቻ» ተብሎ ሲጻፍ ዲስኩ ኤሌክትሪክ ያገኛል፣ ይነሣል። «ረፊ ዳለቻ» ሲባል ኮምፒውተሩ መጀመሪያ በዲስኩ ላይ የጀመረውን ሁሉ ይጨርሳል፣ እጁን ያነሣል፣ ከዚያ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል።

«ተነሥ፣ ተኛ» አሉ ኦቦ ባይሳ። «እኔ እንደምላቸው። ልክ እኔ እንደምላቸው ነው እኮ።»

«አዎ።»

«ታዲያ ቀስቅሰው!»

«ታሟል፣ አባባ።»

ዲሪርሳ ለመጨረሻ ጊዜ ዳለቻን ሲቀሰቅስ ከውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰምቶ ነበር። ወዲያው ረፊ ብሎ አስተኛው። «ይሄ በሬ ታሟል» አለ። «እንዳትነካው፣ ታሜ። ከሰበታ ስመለስ አዲስ ዲስክ ገዝቼ እመጣለሁ፤ ያኔ አንድ ጊዜ እንቀሰቅሰውና ሸክሙን እናወርድለታለን።» በማግስቱ ሄደ። ዳለቻ ከዚያ ወዲህ እንደተኛ ነው። አዲሱን ዲስክ ታመነ ራሱ ገዛው። መገናኛ ያለ አንድ ባለሙያም ጠየቀ። ባለሙያው፣ «እዚህ ከከፈትኩት ይሞታል፤ ካልከፈትኩትም ይሞታል። ስትቀሰቅሰው በጣም የምትፈልገውን አስቀድም፤ ሁለተኛ ዕድል አትጠብቅ» አለው። ታመነ ያን ከሰማ በኋላ እጁ ወደ ትእዛዙ መሄድ እምቢ አለው።

«ዳለቻ ላይ የሱሉልታ ሰርግ አለ» አለ። «በሁለት ካሜራ ነው የሠራነው። የዲሪርሳ ካሜራ ሙሽራዋን ይዟል። የእኔ ደግሞ እንግዳውንና ጭፈራውን። ሚዜዎቹ ዲሪርሳን ካሜራውን አስቀምጠው ጎትተው አስጨፈሩት፤ ያን ጊዜ ቀረጽኩት። ፊቱ ሙሉ ይታያል። እየሳቀ ነበር።»

ኦቦ ባይሳ ዲስኩን ወደ ካርቶኑ መልሰው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «መብራት እስኪመጣ እጠብቃለሁ» አሉ።

ታመነ ያልነገራቸው አንድ ነገር ነበር። ሊነግራቸው ቃል ሲመርጥ የነገሩ ባለቤት ራሳቸው በር ላይ ደረሱ።

ወይዘሮ ተረፈች የሙሽራዋ እናት ናቸው። ከሱሉልታ ለሦስተኛ ጊዜ መምጣታቸው ነው። ጥቁር ለብሰዋል፤ በነጠላ የተሸፈነ ሕፃን ታቅፈዋል።

«ዛሬስ ምክንያትህ ምንድነው?» አሉ፣ ገና ሳይገቡ።

«መብራት ነው፣ እትዬ ተረፈች።»

«ባለፈው ኢንተርኔት አልከኝ።»

«ኧረ እኔ ኢንተርኔት አላልኩም፤ ዲስኩ ታሟል ነው ያልኩት።»

«ያው ነው። እዚህ አገር ሁልጊዜ አንድ የጠፋ ነገር አለ።»

ኦቦ ባይሳ ከበርጩማዋ ተነሡ። «ይቀመጡ፣ እናቴ።»

«ኧረ አይነሡ፣ አባቴ!»

«ሕፃን ታቅፈው ቆመው እኔ ልቀመጥ?»

«ሽማግሌ አቁሜ እኔ ልቀመጥ? አይሆንም።»

ሁለቱም ቆሙ። በርጩማዋ በመካከላቸው ባዶዋን ቀረች።

«እኚህ ማን ናቸው?» አሉ ተረፈች።

«የዲሪርሳ አባት ናቸው» አለ ታመነ።

ተረፈች ሕፃኑን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። «ነፍስ ይማር» አሉ ቀስ ብለው። ትንሽ ቆይተው ግን ሊይዙት ያልቻሉት ነገር መጣ። «የኔ ልጅ ምጥ ይዟት አምቡላንሱ ድንጋይ ፊት ቆመ፣ አባቴ። መንገዱን የዘጉት የሰፈር ልጆች ናቸው። ወርጄ ለመንኳቸው። አንደኛው፣ ‘እናቴ፣ ዛሬ ማንም አያልፍም’ አለኝ። እናቴ ብሎ ነው የከለከለኝ። ይሄ እዚያው መኪናው ውስጥ ተወለደ። እሷ…» አልጨረሱትም።

«የኔ ልጅ ሱሉልታ አልነበረም» አሉ ኦቦ ባይሳ። «እሱ ከዚያ በፊት ተቀብሯል።»

«አውቃለሁ። ማንን ልበል ታዲያ?»

ኦቦ ባይሳ ጠጋ ብለው ነጠላውን በጣታቸው ገለጥ አደረጉ። «ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ይዘው መንገድ ወጡ?»

«ማን ላይ ጥዬው ልምጣ? አባቱን ከቤት ወስደውታል፤ የት እንዳለ አናውቅም። በሚመጣው ሳምንት ሁለት ዐርባ አለብኝ፤ የእሱ ክርስትናና የእናቱ ተዝካር በአንድ ቀን። ፎቶዋን ያያል፤ ፎቶ አለኝ። ስትናገር ግን መቼ ሊሰማት ነው? ስትስቅ?» ወደ ታመነ ዞሩ። «ዲሪርሳ ‘እትዬ፣ እኔ ራሴ ቤትዎ ድረስ አመጣዋለሁ’ ብሎኝ ነበር።»

ሕፃኑ ጣቶቹን ዘረጋ። የኦቦ ባይሳን የተሰነጣጠቀ ሌባ ጣት ያዘና አልለቅም አለ። ሽማግሌው ጣታቸውን ሳይነጥቁ እንዳጎነበሱ ቆዩ።

መብራት የመጣው ከሰዓት ነው። ከመንገዱ የልጆች «መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ የብሎኬት ማሽኑ ተነሥቶ ግድግዳውን ማንቀጥቀጥ ጀመረ። ታመነ አምፖሉን አበራ። መንደሩ የለመደው ነው፤ መብራት ሲመጣ ማንም ሌላ ነገር አይሰካም። አምፖሉ ሳይርገበገብ ከጸና በኋላ ነው ሌላው የሚከተለው። አምፖሉ ጸና። ታመነ ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ አዲሱን ዲስክ ሰካ፣ ጥቁሩን መስኮት አመጣ። መብራቱ እንዳይጠፋበት ቸኩሏል። ከኢ ዳለቻ ብሎ ጻፈ።

ካርቶኑ ውስጥ ሰማያዊ መብራት በራ። ዲስኩ መዞር ሲጀምር የሰማው ድምፅ ደህና ነበር። ቀጥሎ አንድ ጊዜ ቀጭ አለ። ቀጥሎ ዝም። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የዳለቻ ስም ወጣ።

«ተነሣ?» አሉ ኦቦ ባይሳ።

«ተነሥቷል።» ታመነ የሰርጉን ፎልደር ከፈተ። አንድ፣ ሁለት የሚሉ ሁለት ፎልደሮች ናቸው። «አንድ የሚለው የዲሪርሳ ካሜራ ነው፤ ሙሽራዋ ኤልሳቤት ያለችበት። ሁለት የሚለው የእኔ ነው፤ ዲሪርሳ ያለበት። የሱን ፊት ብቻ ለይቼ ላወጣ አልችልም፤ ረጃጅም ናቸው፤ እየከፈትኩ ብፈልግ ደግሞ ዲስኩን አደክመዋለሁ።»

«ሁለቱንም ባንድ ጊዜ አታደርግም?» አሉ ተረፈች።

«ባንድ ጊዜ ከሆነ ወዲያና ወዲህ ይሯሯጣል፤ ቶሎ ይሞታል። በተራ ነው። ማን ይቅደም?»

ይህን ጥያቄ ከመቀስቀሱ በፊት መጠየቅ ነበረበት። አላሰበውም።

«የእሳቸው ይቅደም» አሉ ተረፈች ወዲያው።

«ኧረ በፍጹም! የእሷ ይቅደም» አሉ ኦቦ ባይሳ።

«አይሆንም፣ አባቴ። እኔ ቢያንስ ፎቶ አለኝ። እርስዎ ምንም የለዎትም።»

«ሕፃን ይዘው ከሱሉልታ መጥተው? እንዴት ተደርጎ!»

«እሁድ ነው እኮ ዐርባው። የእኔ ገና ነው።»

«እኔ ሦስት ጊዜ አልተመላለስኩም። እርስዎ ይቅደሙ።»

ካርቶኑ ውስጥ ቀጭ አለ። ታመነ አፉን ከፈተ። በአባቱ ዕድሜ ባሉ ሰዎች መካከል ቃል ማስገባት በተወለደበት አገርም ነውር ነው፣ እዚህም ነውር ነው። ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ቅድም ስለ መንገዱ ሲነጋገሩ የጎረበጣቸው ነገር ነበር፤ አሁን ሁለቱም በትሕትና ሊሽሩት የፈለጉ ይመስላል።

«በማርያም፣ አባቴ።»

«አይበሉ፣ አይማሉ!»

«በሞቴ!» አሉ ተረፈች።

ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ ቤቱ ዝም አለ። እናቶች እንግዳ ሲያጎርሱ ሁልጊዜ የሚሉት ቃል ነው፤ አሁን ግን ማንም ሊመልሰው አልቻለም። በዝምታው ውስጥ ዳለቻ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ።

ኦቦ ባይሳ ወደ ታመነ ዞሩ። «ዱርሳ ከን ኢሼ» አሉት። ታመነ ኦሮምኛው ከሰላምታ አያልፍም፤ ይህን ግን ማንም ሳይተረጉምለት ገባው። መጀመሪያ የእሷን።

ፎልደር አንድ መገልበጥ ጀመረ። ስክሪኑ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ወደ ቀኝ ይረዝማል። ይቆማል፤ ድምፁ ይሰማል፤ ደግሞ ይቀጥላል። ሦስቱም ቆመው ያዩታል። የብሎኬት ማሽኑ በመታ ቁጥር ታመነ ካርቶኑን በሁለት እጁ ደግፎ ይይዘዋል። ዲስኩ እንደታመመ ሰው ግንባር ይተኩሳል። መስመሩ ጫፍ ደረሰ።

«አለቀ?» አሉ ተረፈች።

«የእርስዎ አልቋል። ሙሉ ነው።»

ሁለተኛውን አዘዘ። መስመሩ ብቅ አለ፤ የጥፍር ያህል ሄደና ቆመ። ታመነ ጠበቀ። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ሳያቋርጥ መጣ፤ ቀጥሎ ዲስኩ መዞሩን ሲያቆም፣ የሆነ ነገር ወለል ላይ ሲቀመጥ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። የዳለቻ ስም ከስክሪኑ ጠፋ። ረፊ ብሎ አስተኛው፤ ትንሽ አቀዘቀዘው፤ ከኢ አለው። ሰማያዊው መብራት በራ። ስሙ አልመጣም። ድጋሚ አስተኛው፣ ድጋሚ ቀሰቀሰው። መብራቱ ይበራል፤ ከዚያ በላይ የለም።

«ተወው» አሉ ኦቦ ባይሳ። «የደከመ በሬ አይደበደብም።»

ታመነ ለመጨረሻ ጊዜ ረፊ ዳለቻ ብሎ ጻፈ። ሰማያዊው መብራት ጠፋ።

«ምን አልከው?»

«ተኛ አልኩት።»

«እንግዲህ ይተኛ።»

ተረፈች በርጩማዋ ላይ ቁጭ አሉ። «እኔ ነኝ» አሉ። «ዝም ብዬ እሺ ብል ኖሮ… ያን ሁሉ ይቅደሙ ይቅደሙ ስንል…»

«እኔስ?» አሉ ኦቦ ባይሳ። «እኔስ አልተግደረደርኩም?»

ታመነ የወጣውን ሊያሳያቸው ፈለገ፤ ሌላ የሚያደርገው ነገር አልነበረውም። አዲሱ ዲስክ ላይ ያለውን ከፈተው። ስክሪኑ ሙሉ ነጭ ቬሎ ሆነ። ኤልሳቤት ከቤት ልትወጣ በር ላይ ቆማለች፤ የያዘችው እቅፍ አበባ አስቸግሯት አንገቷን ደፍታለች። የታየው እሷ ብቻ ናት። ከካሜራው ወዲህ ግን የሰው ድምፅ መጣ፤ ቅርብ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ያለ የሚመስል።

«ቀና በይ፣ ኤልሲ። ቀና… እንደሱ። አሁን እናትሽን እያት።»

ኤልሳቤት ቀና አለችና ሳቀች።

ተረፈች ሁለት እጃቸውን በሕፃኑ ዙሪያ አጠበቁ። ሕፃኑ ተኝቷል። ኦቦ ባይሳ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ድምፁ የወጣበትን ስፒከር አላዩም። ራሳቸውን ወደ ጎን አዘንብለው፣ ምስሉ ከሚያልቅበት ጠርዝ ባሻገር፣ በመስኮት ዳር ቆሞ የሚናገርን ሰው ለማየት እንደሚሞክሩ ሁሉ፣ ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ኤልሳቤት መራመድ ጀመረች። «ቀስ፣ ቀስ» አለ ድምፁ። «ቸኩለሽ የት ልትደርሺ ነው?»

«ድምፁ ነው» አሉ ኦቦ ባይሳ።

«አዎ።»

«የጉንፋን ድምፅ አለው።»

«የዚያን ቀን ጉንፋን ይዞት ነበር» አለ ታመነ፤ እስካሁን ረስቶት ነበር።

ከመሄዳቸው በፊት ኦቦ ባይሳ ፍሬሙን አላነሡም። በምትኩ መደርደሪያው ላይ ያለውን የዲሪርሳን ካሜራ በዱላቸው አመለከቱ። «ያን ስጠኝ። ለእሁድ።»

«ይውሰዱት። ግን ምን ያደርግልዎታል?»

«በአባቶቻችን ጊዜ ፎቶ አልነበረም። ወንድ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ ይወጣል፤ ጋሻና ጦሩ ኮርቻው ላይ ይደረጋል። ሰው ያን እያየ ያለቅሳል። ፈረስ ከጎረቤት እዋሳለሁ። ጦሩ ግን ይሄ ነው። አንተም ና። ጴንጤ ነህ፣ ተዝካር እንደማትበላ አውቃለሁ፤ ንፍሮ አላስገድድህም። የሚያስረው ሰው ቸገረኝ፤ ወድቆ እንዳይሰበር።»

እሁድ ሰበታ ላይ፣ ፋብሪካው ካጠረው መሬት ወዲህ በቀረችው ግቢ፣ ዳስ ተጥሎ ነበር። ወታደሮች ከመንገዱ ማዶ መኪናቸው ላይ ሆነው ያያሉ፤ ብዙ ሰው መሰብሰብ ስለማይፈቀድ ለቀስተኛው ጥቂት ጥቂት እየሆነ በተራ ገባ። ተረፈች ከሱሉልታ መጥተዋል፤ ሕፃኑ እቅፋቸው ውስጥ ነው። ታመነ ካሜራውን የተዋሱት ጥቁር ፈረስ ኮርቻ ላይ አስሮ፣ ማንጠልጠያውን አጥብቆ፣ ሌንሱ ወደ ሰው እንዲዞር አደረገ። ክዳኑን ማንሣት አለማንሣቱን አመነታ። አነሣው።

ፈረሱ በዳሱ ዙሪያ ተሳበ። ለቅሶው ካሜራውን ሲያይ ከፍ አለ። ቀጥሎ ታመነ አንድ ነገር አየ። ሌንሱ ፊት የደረሰች አንዲት ሴት እያለቀሰች ነጠላዋን አስተካከለች። ከኋላዋ ያለው ጎረምሳ የሸሚዙን ኮሌታ ነካ። የዲሪርሳ እኅት ፀጉሯን ከፊቷ መለሰች። ይህ ካሜራ በየሰርጋቸው ፊታቸው የቆመ ነው፤ ማንም ሳያዛቸው፣ ማድረጋቸውንም ሳያውቁ፣ ሌንሱ ባለፈባቸው ቁጥር እንደዚያ ይሆናሉ።

ፈረሱ ኦቦ ባይሳ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ሽማግሌው እስከዚያ ድረስ ዱላቸውን ተደግፈው አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ክብ ጥቁሩን መስታወት አዩት። ዱላቸውን ለታመነ ሰጡት፤ ጋቢያቸውን በሁለት ትከሻቸው ላይ ሰበሰቡ።

ቀና አሉ።